ከላሊበላ እስከ አክሱም የስንት ቀን መንገድ ነው?

የቀድሞ ነጋዴዎች ስለ መንገድ ሲጠያየቁ «የስንት ቀን መንገድ ነው?» ይባባሉ ነበር እንጂ ምድሪቱ በገመድ ብትለካ ስንት እንደምትሆን አይጠይቁም ነበር። ምክንያቱም ግልጥ ነው። አሞሌ ጨው ጭኖ ከቈላ ወደ ደጋ የሚወጣ ሲራራ ነጋዴ ወጪው ሁሉ የሚቈጠረው በቀን ነበር። የከብቱ መኖ በቀን፣ የአሽከሩ ስንቅ በቀን፣ የገበያውም ዕለት በቀን ይሰላ ነበር። ስለዚህ የእርሱ መለኪያ ርቀትንና ጊዜን ባንድነት የያዘ ነበር። ገደል የሚያስዞረውን አጭሩን አገር ሜዳ ከሆነው ረዥሙ አገር ይልቅ «ይርቃል» ቢለው ስሕተት አልነበረበትም።

ዛሬ ጥያቄው ተለውጧል። ነጋዴው ዕቃውን ወይም ወኪሉን ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ በአየር ለመላክ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የበረራውን ርቀትና አይሮፕላኑ በአየር ላይ የሚቈይበትን ጊዜ ነው። መልሱም ወዲያው ይገኛል፤ የሁለቱን ጣቢያዎች ስም በእጅ ስልኩ ላይ የጻፈ ሰው ኪሎ ሜትሩንና ደቂቃውን ባንድ አፍታ ያነባል። ቁጥሩ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ትክክለኛ የሆነ ቁጥር ሁሉ ለንግድ ሥራ የሚበቃ ቁጥር አይደለም። በተለይ ከዋናው ከተማ ርቀው ለሚገኙ ለሰሜን አይሮፕላን ጣቢያዎች የበረራ ርቀት ብቻውን አሳሳች መለኪያ ነው፤ የአባቶች ጥያቄ ግን ዛሬም ከነክብሩ ትክክለኛው ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ለዚህም ላሊበላና አክሱም ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ።

ካርታው የሚናገረው

የላሊበላ አይሮፕላን ጣቢያ ከአክሱም አይሮፕላን ጣቢያ በቀጥታ የአየር መሥመር ሲለካ ወደ 240 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ይህም በአየር ሰዎች መለኪያ ወደ 130 የባሕር ማይል ነው። እዚህ ላይ ነጋዴው ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ሲሆን በየብስ የሚሠራበት ማይል 1,609 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። 130 የሚለውን ቁጥር በየብስ ማይል የሚተረጕም ሰው መንገዱን 209 ኪሎ ሜትር ያደርገዋል፤ ማለት ከ30 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ይጐድልበታል።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ምድር ዋግና ተምቤን፣ የተከዜም ሸለቆ ነው። ከሸለቆው ጥልቀት የተነሣ በዚያ ወንዝ ላይ የተሠራው የኤሌክትሪክ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው። የመኪናው መንገድ በሰቆጣ፣ በአቢይ ዐዲና በዐድዋ ሲሄድ እየወረደና እየወጣ፣ እየተጠማዘዘም ስለሆነ ማለዳ የተነሣ ተጓዥ ሙሉ ቀኑን ይሰጠዋል። ከዚህ አንጻር ሲታይ የአየሩ 240 ኪሎ ሜትር በእውነት ትልቅ ጸጋ ነው።

ጊዜውም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ውስጥ መሥመሮች ላይ ያሰማራው ዳሽ 8-400 የተባለው ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን በሙሉ ፍጥነቱ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። በዚህ ፍጥነት 240 ኪሎ ሜትር የ22 ደቂቃ መንገድ ነው። ነገር ግን አይሮፕላን ከተነሣበት ደቂቃ ጀምሮ በሙሉ ፍጥነቱ አይሄድም። በመሬት ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ይወጣል፣ ገና ከፍታውን ከመያዙ ለመውረድ ይዘጋጃል፣ ዞሮም ያርፋል። መንገዱ ባጠረ መጠን ለመውጣትና ለመውረድ የሚሰጠው ድርሻ ይበዛል። ስለዚህ ሞተር ከተነሣ እስኪጠፋ ድረስ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ማሰብ ይበጃል።

ፍጥነት ምን ያህል ይጠቅማል?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ባደረገ ጊዜ የሠራባቸው አይሮፕላኖች ሲ-47 የተባሉት፣ ማለት የታወቀው የዲሲ-3 የጦር ሠራዊት ዓይነት ነበሩ። ዲሲ-3 በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄድ ነበር። በዚያ አይሮፕላን ከላሊበላ እስከ አክሱም ያለው አየር 51 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እንግዲህ የአይሮፕላኑ ፍጥነት ከሁለት እጥፍ በላይ ሲያድግ በዚህ መንገድ ላይ የተገኘው ትርፍ ግማሽ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ሂሳብ ይታሰብ። አንድ መሥመር በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ቀኖቹም እኩል ተራርቀው የሚሠራ ቢሆን ከአንዱ በረራ እስከ ሚቀጥለው 84 ሰዓት ይሆናል። ዕቃው በማናቸውም ቀን ሊዘጋጅ የሚችል ላኪ በአማካይ የዚህን እኩሌታ፣ ማለት 42 ሰዓት ይጠብቃል። በረራው በሳምንት አራት ጊዜ ቢሆን አማካዩ ጥበቃ ወደ 21 ሰዓት ይወርዳል። በሌላ አነጋገር፣ በሳምንት ሁለት በረራ መጨመር ለላኪው 21 ሰዓት ያተርፍለታል፤ የአይሮፕላን ፍጥነት ከእጥፍ በላይ ማደግ ግን ያተረፈለት ግማሽ ሰዓት ነው። የሩቅ ጣቢያዎች የንግድ ምስጢር በዚህ ሂሳብ ውስጥ ይገኛል። በሞተሩ ኀይል ከሚገኘው ጥቅም በጊዜ ሰሌዳው የሚገኘው እጅግ ይበልጣል።

ወደ ሰሜን ለመሄድ ወደ ደቡብ መመለስ

አዲስ አበባ፣ ላሊበላና አክሱም በካርታ ላይ ሲታዩ ከደቡብ ወደ ሰሜን በአንድ መሥመር ላይ የተደረደሩ ያህል ናቸው። ሦስቱም የሚገኙት ከ38ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ እኩሌታ አልፎ እስከ 39ኛው ባለው ስፍራ ነው። ላሊበላ ከአዲስ አበባ በአየር ወደ 330 ኪሎ ሜትር፣ አክሱምም ከአዲስ አበባ ወደ 570 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። እንግዲህ ላሊበላ በመንገድ መካከል ያለች ጣቢያ ነች ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል ቀጥታ በረራ በማይኖርበት ቀን ከላሊበላ ወደ አክሱም የሚሄድ ሰው ወይም ዕቃ አስቀድሞ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ፣ ከዚያ እንደገና ከላሊበላ ሰማይ አጠገብ አልፎ ወደ ሰሜን ይሄዳል። መንገዱ ከ240 ወደ 900 ኪሎ ሜትር ያድጋል፤ አራት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። በካርታ የተጻፈው ርቀት ግን አልተለወጠም። የሚጠየቅ ሁሉ «240 ኪሎ ሜትር» እያለ ይመልሳል።

ጊዜው ሲቈጠር ልዩነቱ ከዚህም ይብሳል። የላሊበላ ጣቢያ ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ለመኪናው 40 ደቂቃ፣ ለምዝገባና ለፍተሻ 2 ሰዓት፣ ለቀጥታ በረራ 45 ደቂቃ፣ አክሱም ወርዶ ከተማ ለመግባት ሌላ 40 ደቂቃ ቢታሰብ ከደጅ እስከ ደጅ ከ4 ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በአዲስ አበባ በኩል ከሆነ ግን ሁለት በረራዎች ብቻ ከ2 ሰዓት በላይ ይወስዳሉ፤ በመካከል ያለውም ጥበቃ በሰዓት ሰሌዳው ፈቃድ ነው። ሁለተኛው አይሮፕላን ጠዋት ብቻ የሚነሣ ከሆነ ተጓዡ በአዲስ አበባ ማደሩ ግድ ይሆናል። ያን ጊዜ የ45 ደቂቃው በረራ የሁለት ቀን መንገድ ሆነ። የሆቴሉ ኪራይ፣ የምግቡ ዋጋ፣ የታክሲውም ሂሳብ በርቀት ሠንጠረዥ ላይ አይጻፍም፤ ከነጋዴው ኪስ ግን ይወጣል።

ቀን ያለፈበት ዕቃ

አንዳንድ ሰው «ሁለት ቀን ምን ይጐዳል?» ይል ይሆናል። ለአንዳንድ ዕቃ በእርግጥ አይጐዳም፤ ሚስማርና ቆርቆሮ ሳምንት ቢዘገይ ሚስማርነቱን አይተውም። ላሊበላና አክሱም ግን የበዓል ከተሞች ናቸው። የኅዳር ጽዮን በዓል ኅዳር 21 ቀን በአክሱም ይከበራል፤ ልደትም ታኅሣሥ 29 ቀን በላሊበላ ይከበራል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ 38 ቀን ብቻ ነው። ሁለቱም በዓላት ብዙ ምዕመናንንና እንግዶችን ይሰበስባሉ፤ የሚፈለገውም ዕቃ ይመሳሰላል። ነጠላና ጋቢ፣ ሻማና ጧፍ፣ የአንገት መስቀል፣ የእጅ ሥራ፣ ለእንግዳ ማረፊያዎችም የሚያስፈልገው ሁሉ በሁለቱም ስፍራ ገበያ አለው።

ስለዚህ በአክሱም ያልተሸጠውን ነጠላና መስቀል ወደ ላሊበላ ለማዛወር፣ ወይም በአክሱም ገበያ የታየውን ፍላጎት አይቶ ለላሊበላ ለመዘጋጀት የሚያስብ ባለሱቅ ብልህ ነጋዴ ነው። ከ38ቱ ቀናት ውስጥ ግን ሂሳብ ለመዝጋት፣ ዕቃ ለመለየት፣ ለማሸግና ገዢ ለማፈላለግ የሚያልፈው ቢቀነስ የሚተርፈው ብዙ አይደለም። ታኅሣሥ 27 ቀን የደረሰ ሻማ ይሸጣል፤ ታኅሣሥ 30 ቀን የደረሰ ሻማ ግን ቀን አልፎበታል። የዘገየው በሦስት ቀን ሲሆን ለነጋዴው የዘገየበት እስከ ሚቀጥለው ዓመት በዓል ነው። በ30,000 ብር ዕቃ ላይ እንዲህ ያለ መዘግየት ቢደርስ ያ ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ በመደርደሪያ ላይ ተኝቶ ይከርማል። ለአነስተኛ ባለሱቅ ይህ በሱቁ መቈየትና በሱቁ መዘጋት መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

የሐውልቱ ጉዞ

በረራ አጭር፣ መጠበቅ ረዥም መሆኑን ከአክሱም ሐውልት ጉዞ ይልቅ የሚያስረዳ ነገር የለም። ኢጣልያ በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ የወሰደችውን ሐውልት እንድትመልስ በኋላ በተፈረመው የሰላም ውል ተገድዳ ነበር። ሐውልቱ ግን ወደ አክሱም የተመለሰው በሚያዝያ ወር 1997 ዓ.ም. ነው። ከሮማ እስከ አክሱም ያለው አየር ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ሲሆን የጥቂት ሰዓት በረራ ነው፤ ጥበቃው ግን 68 ዓመት ሆነ።

ከጭነትም አንጻር ያ ጉዞ ለነጋዴ ትምህርት አለው። 24 ሜትር ቁመትና ከ150 ቶን በላይ ክብደት ያለው ድንጋይ በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ 124 አይሮፕላን በሦስት ጉዞ መጣ። አስቀድሞም የአክሱም ጣቢያ ለከባድ አይሮፕላን ማረፊያ እንዲበቃ መሻሻል ነበረበት። ማረፊያውም በማለዳ፣ አየሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ እንዲሆን ተደረገ። ምክንያቱም ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ስፍራ አየሩ ሥሥ ነው፤ ፀሐይ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይሣሣል። ሥሥ አየር ክንፍን በሚገባ አይደግፍም፤ ሞተሩም በቈላ ያለውን ያህል ኀይል አይሰጥም።

ይህ ሕግ ለትልቁ አይሮፕላን ብቻ ሳይሆን ለትንሹም ይሠራል። ላሊበላም ሆነ አክሱም በደጋ ላይ ያሉ ጣቢያዎች ስለሆኑ በሞቃት ቀትር የሚነሣ አይሮፕላን የሚይዘው ክብደት ሊቀነስ ይችላል። ሲቀነስም አስቀድሞ የሚወርደው ሻንጣ የያዘው መንገደኛ ሳይሆን የነጋዴው ጥቅል ነው። እንግዲህ ብልህ ላኪ «አይሮፕላኑ በየትኛው ቀን ይነሣል?» ብሎ ብቻ አያበቃም፤ «በስንት ሰዓት ይነሣል?» ብሎም ይጠይቃል። የማለዳ በረራ ላይ ያለ ዕቃ የመጓዝ ዕድሉ የበለጠ ነው።

ርቀት ወሰን የሚያጣበት ጊዜ

ሌላም መታሰብ ያለበት አለ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ወደ አክሱም የሚደረገው በረራ ተቋረጠ፤ ጣቢያውም ጉዳት ደረሰበት። መደበኛው በረራ እንደገና የተጀመረው በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ማለት ነው። ላሊበላም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የጦርነቱን መከራ ቀምሳለች። በዚያ ዘመን በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት በካርታ 240 ኪሎ ሜትር እንደ ሆነ ቈይቷል። ለአስጐብኚው፣ ለሆቴሉ ባለቤት፣ መስቀል ለሚቀርጸውና መሶብ ለምትሰፋው ግን ርቀቱ መለኪያ አልነበረውም።

ይህ የሚነሣው ያለፈውን ኀዘን ለመቀስቀስ አይደለም። ሰላም ከበረራ ሰሌዳ ሁሉ የሚቀድም የንግድ መሠረት መሆኑን ለማስታወስ፣ የተቋረጠ መሥመርም ሲከፈት የተቋረጠው ደንበኝነት አብሮ እንደማይከፈት ለማመልከት ነው። ገዢ ሌላ ሻጭ ይለምዳል፤ እንግዳም ሌላ አገር ይሄዳል። የቀድሞውን ደንበኛ መልሶ ለማግኘት አስተማማኝ፣ የማይለዋወጥ፣ በየሳምንቱ በዚያው ቀን የሚገኝ መሥመር ያስፈልጋል።

የሰሜን ኖርዌይ ትምህርት

በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ ሩቅ ከሚባሉት የሰሜን ጣቢያዎች አንዳንዶቹ በኖርዌይ አገር በፊንማርክ ጠቅላይ ግዛት ይገኛሉ። ከእነዚህም በርለቮግና መሃምን የሚባሉት ሁለት የዓሣ አጥማጆች መንደሮች በአየር ሲለኩ 50 ኪሎ ሜትር እንኳ አይራራቁም። በመኪና የሚሄድ ግን ወደ ምድር ገብቶ የሚገኘውን የባሕር ሰርጥ ዞሮ ብዙ ሰዓት ይጓዛል፤ በክረምትም በረዶው መንገዱን ይዘጋል። የመንደሮቹ ማረፊያ ሜዳዎች አጫጭር ናቸው፤ ርዝመታቸው 800 ሜትር ገደማ ነው። በእነርሱም ላይ የሚያርፉት የዊደሮ አየር መንገድ አይሮፕላኖች ኢትዮጵያ የምትሠራባቸው ዳሽ 8ቶች ታናናሽ ወንድሞች ናቸው።

የኖርዌይ መንግሥት ያደረገው ይህ ነው። መሥመሮቹ ብቻቸውን አትራፊ እንደማይሆኑ ዐውቆ በየጊዜው ጨረታ ያወጣል። በጨረታውም ውስጥ በሳምንት ሊኖር የሚገባው የበረራ ብዛት፣ የመቀመጫው ቁጥር፣ የዋጋውም ጣሪያ ይጻፋል። አሸናፊው አየር መንገድ ይህን ሲፈጽም የጐደለውን ገንዘብ መንግሥት ይከፍለዋል። አይሮፕላኑም እንደ አውቶቡስ ከመንደር ወደ መንደር እያረፈ ይሄዳል። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው በውሉ ውስጥ የሚጻፈው ፍጥነት ወይም ርቀት ሳይሆን ብዛትና መደበኛነት መሆኑን ነው። ያ መንግሥት የሚገዛው ኪሎ ሜትር አይደለም፤ ቀን ነው።

ኢትዮጵያ እንደ ኖርዌይ ባለጸጋ አይደለችም፤ ሥርዓቱም እንዳለ ይቀዳ ማለት አይቻልም። ሆኖም ሐሳቡ ዋጋ የሚጠይቀው በገንዘብ ብቻ አይደለም።

ሊደረግ የሚቻለው

በተቃራኒው የሚነሣው ክርክር ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ በቅን መንፈስ ሊመዘን ይገባል። አየር መንገዱ በረራዎችን ሁሉ ከአዲስ አበባ እንዲያወጣና ወደ አዲስ አበባ እንዲመልስ የሚያደርገው በቂ ምክንያት አለ። አብዛኛው መንገደኛ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ወይም በአዲስ አበባ በኩል ከውጭ አገር ነው። አይሮፕላኑ የሚጠገነውም በዚያ ነው። አንድ አይሮፕላን በየጣቢያው ባረፈ ቍጥር ነዳጅ፣ ጎማና ጊዜ ያጠፋል። በላሊበላና በአክሱም መካከል ብቻ የሚመላለስ መንገደኛ ደግሞ በየቀኑ አንድ አይሮፕላን አይሞላም። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ነገር ግን የሚፈለገው በየቀኑ የሚደረግ በረራ አይደለም። አዲስ አበባ፣ ላሊበላ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ከዚያም እንደገና አዲስ አበባ የሚል አንድ የዙር መሥመር በአየር ሲለካ 1,220 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሦስቱን ከተሞች እያንዳንዳቸውን ከአዲስ አበባ ሄዶ መመለስ ግን ከ2,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዙሩ ለሦስቱ ከተሞች የሚያቀርበው መቀመጫ ከሦስት ምልልስ ያነሰ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ምልልሱን ይተካ አይባልም። ከምልልሱ በተጨማሪ በሳምንት በሁለት የተወሰኑ ቀናት፣ በተለይም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የበዓልና የጐብኚዎች ወራት እንዲህ ያለ ዙር ቢኖር ለነጋዴው የሚሰጠው ጥቅም ከኪሎ ሜትሩ የላቀ ነው። ሦስቱ ከተሞች በዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ያሉ ስለሆኑ ጐብኚውም በአንድ ጉዞ ሊያያቸው ይፈልጋል። እንግዳን የሚያመጣ ዙር ጥቅልንም ሊያመጣ ይችላል።

ይህን ለማግኘት በባዶ እጅ መለመን አይበቃም። አየር መንገድ የሚሰማው ቁጥርን ነው። የየከተማው የንግድ ምክር ቤት ከአባሎቹ ዘንድ «በየሳምንቱ ስንት ኪሎ ዕቃ፣ ወዴት፣ በየትኛው ወር ትልካለህ?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አቅርቦ፣ ከተቻለም የተወሰነውን ክብደት አባሎቹ በእርግጥ ለመጫን በጽሑፍ ቃል ገብተው ቢቀርቡ ጥያቄው ክብደት ይኖረዋል። ለብቻው 15 ኪሎ የሚልክ ባለሱቅ አይሮፕላን አያስነሣም፤ 40 ባለሱቆች ግን 600 ኪሎ ይዘው ሲቀርቡ ነገሩ ይለወጣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

የነጋዴው ድርሻ

መብትን የሚጠይቅ ነጋዴ ግዴታውንም ሊያውቅ ይገባል። ቦታ አስይዞ ዕቃውን ሳያቀርብ የሚቀር ላኪ የሚጐዳው አየር መንገዱን ብቻ አይደለም፤ ያን ስፍራ ሊጠቀምበት ይችል የነበረውን ጎረቤቱን ጭምር ነው። በሚቀጥለው ጊዜም ሠንጠረዡን የሚያምነው አይኖርም።

የሰዓት ነገርም ቀላል መስሎ ብዙ ያስከስራል። በአየር መንገድ ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሚቈጠር 07:00 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ 13:00 ማለትም ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። 07:00 የሚለውን አይቶ ሠራተኛውን ከቀኑ 7 ሰዓት ጣቢያ የላከ ነጋዴ አይሮፕላኑን በስድስት ሰዓት ያጣዋል። ሰነድ የሚያዘጋጅ ጸሓፊ ሁለቱንም አቈጣጠር ጐን ለጐን ቢጽፍ ስሕተቱ ይቀራል። ቀኑንም እንዲሁ በሁለቱ ዘመን አቈጣጠር መጻፍ መልካም ልማድ ነው።

ክብደትም በሚዛን ብቻ አይታይም። በዓለም የአየር ጭነት ልማድ ብዙ ቦታ ይዞ ክብደቱ አነስተኛ የሆነ ዕቃ የሚሰላው በስፋቱ ነው። ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ በሳንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6,000 ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ከሚዛኑ ከበለጠ ሂሳቡ በዚያ ይሆናል። በየጐኑ 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሣጥን የታሸገ አንድ መሶብ በሚዛን 4 ኪሎ ቢሆን በስፋት ሂሳብ 36 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ መሶብ የሚልክ ሰው ባዶውን ሆድ በነጠላና በጋቢ ሞልቶ ቢልክ ለአንድ ዋጋ ሁለት ዕቃ ያጓጉዛል። ማር ግን ከባድ ስለሆነ በሚዛኑ ይከፈልበታል፤ የዕቃው አስተሻሸግም ጠንካራ መሆን አለበት።

በመጨረሻም ማናቸውም ነጋዴ ለራሱ አንድ ትንሽ መዝገብ ቢይዝ ይጠቀማል። በመዝገቡ ላይ ዕቃው ከሱቁ የወጣበትን ቀንና ሰዓት፣ ከተቀባዩም ደጅ የደረሰበትን ቀንና ሰዓት ይጻፍ። ከአንድ ዓመት በኋላ በእጁ ያለው ቁጥር ከማናቸውም የርቀት ሠንጠረዥ የበለጠ እውነት ይነግረዋል። ብዙ ነጋዴዎች እንዲህ ያለውን መዝገብ ይዘው ወደ ምክር ቤታቸው ቢያመጡ ደግሞ ለአየር መንገዱ የሚቀርበው ጥያቄ በግምት ሳይሆን በማስረጃ የተደገፈ ይሆናል።

ከላሊበላ እስከ አክሱም 240 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህን ማንም ሊለውጠው አይችልም። የአንድ ጠዋት መንገድ ወይም የሁለት ቀን መንገድ መሆኑ ግን በሰዎች አሠራር፣ በሰሌዳ አወጣጥና በነጋዴዎች ኅብረት ይወሰናል። ከበዓሉ ወራት በፊት ሠንጠረዡን ለማዘጋጀትና ጥያቄውን ለማቅረብ ጊዜው በክረምት ነው። መስከረም ከጠባ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ እንደ ታኅሣሥ 30 ሻማ ይሆናል።